ሀኪንግ ልትማሩ ከመጣችሁ መጀመሪያ ፈቃድ

እንዴት ናችሁ ልጆች፣ ቅዳሜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት የሰው አካውንት እንዴት እንደሚጠለፍ ለማወቅ እንደሆነ ይገባኛል፣ እኔም የጀመርኩት በዛው ጥያቄ ስለነበር አልፈርድባችሁም።

ከአክስቴ ልጀምር። አንድ ማታ በቴሌግራም ከጓደኛዋ አካውንት "እህቴ ስልኬ አስቸግሮኝ ነው፣ ኮድ ይመጣልሻል ላኪልኝ" የሚል መልእክት ገባላት፣ እሷም ምን ችግር አለው ብላ አምስቷን ቁጥር ላከች። ቁጥሯ ግን የራሷ የቴሌግራም መግቢያ ነበረች፣ ጓደኛዋም ቀድማ ተጠልፋ ነበር። ጠዋት ስንነሳ በአክስቴ ስም ለዘመድ ሁሉ "ቸግሮኝ ነው ብር ላኩልኝ" እየተባለ ነው፣ አንዷ የእቁብ ጓደኛዋ ሳትደውል 4,000 ብር ላከች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሌባው ምንም ሲስተም አልሰበረም እኮ፣ በሴቶቹ መተማመን ነው የገባው፣ እኛ ሙያው ውስጥ ሶሻል ኢንጂነሪንግ የምንለው ይሄንን ነው።

ኤቲካል ሀከር ማለት ባለቤቱ ራሱ ግባና ፈትሽልኝ ያለው ሰው ነው። የቱን ሲስተም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚነካ በጽሁፍ ይፈራረማል፣ ያገኘውን ክፍተት ለባለቤቱ ሪፖርት ያደርጋል። ያለፈቃድ ከሆነ "ገብቼ አየሁ እንጂ ምንም አልወሰድኩም" ማለት አያድናችሁም፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መግባቱ ብቻውን ወንጀል ነው፣ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። የትምህርት ቤታችሁን ዋይፋይም ቢሆን እባካችሁ።

ታዲያ የት እንለማመድ ካላችሁ ቦታ ሞልቷል። ኤንማፕ የሚባለው፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ የሚፈትሽ (ስካን የሚያደርግ) ፕሮግራም ሰሪዎች ስካንሚ የሚባል ሰርቨር ሰው እንዲለማመድበት ብለው ክፍት ትተውታል፣ ሳታጨናንቁት ስካን አድርጉት። ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ቨርቹዋልቦክስ ላይ፣ ማለትም ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ የመፈተሻ መሳሪያዎች ያሉበትን ካሊ ሊኑክስና ሆን ተብሎ ቀዳዳ የተሞላውን ሜታስፕሎይተብል የሚባል ሲስተም ጭኖ የራሱን ማሽን ሲያጠቃ ይደር።

አፕዴትን በተመለከተ፣ ፓኬጅ ይበላል ብለን እንደምናጠፋው አውቃለሁ፣ ኢንተርኔት ውድ ነው። ግን በፈረንጆቹ ሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ፋይል ሲቆልፍና የበሽተኛ ቀጠሮ ሲያሰርዝ፣ ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን አፕዴት ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ዋይፋይ ያለበት ስትገቡ ቢያንስ የሲስተሙን አስጨርሱት።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ቴሌግራም፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን፤ ይሄ ከኮዱ ሌላ ፓስወርድም የሚጠይቅ መቆለፊያ ነው፣ የልደት ቀን ያልሆነ ፓስወርድ አስገቡ። ከዛ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን ስልኮች አንድ በአንድ እዩ፣ የማታውቁት ካለ እጃችሁን አውጡ፣ እኔ እዛው እመጣለሁ።