ዜማው ሰባተኛ ክፍል ላይ እንዳይቋረጥ

የተከበራችሁ የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ ውድ ወላጆችና የሙዚቃ መምህራን፣ ሻሎም! ለማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ፣ ከሰሜንም ከደቡብም በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ የመጣችሁትን ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳው የአንድ ዕድሜ ጉዳይ ነው። እዚህ እስራኤል ሐቲባት ቤናይም የምንለው፣ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ዕድሜ። ልጆቻችን ታች ክፍል እያሉ ይዘምራሉ፤ ዋሽንት ይነፋሉ፤ በበዓል ቀን መድረክ ላይ ይወጣሉ። ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡ ይከብዳል፣ እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ፈተናው ይበዛል። ብዙ ቦታ የሙዚቃ ሰዓት ቀድሞ የሚታጠፈው ያኔ ነው። አቅም ያለው ወላጅ ከፍሎ ከሰዓት በኋላ ኮንሰርቫቶሪ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ያስገባል። የሌለው ልጁ እዚያው ላይ ይቀራል። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ለምን መሰላችሁ? ወንዱ ልጅ ባር ሚጽቫ፣ ማለትም የኦሪትን ትእዛዛት የመጠበቅ ኃላፊነት የሚቀበልበት፣ የሚደርሰው በዚሁ ዕድሜ ነው። 13 ዓመት ሲሞላው በምኩራብ ቆሞ ኦሪት በዜማ ያነባል። የኦሪቱ ጥቅልል ላይ ደግሞ አናባቢም የዜማ ምልክትም የለም። ልጁ ምልክቶቹን ከታተመው መጽሐፍ አጥንቶ፣ ድምፁ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ በቃሉ ይዞ መቅረብ አለበት። ወራት ይፈጃል። ከዚህ የበለጠ የጆሮ ትምህርት ከየት ይመጣል? ትምህርት ቤቱ ግን ይህን ሁሉ ድካም እንደ ሙዚቃ አይቆጥርለትም።

ድምፁ የሚጎረንነውም ያኔ ነው። ትናንት ከፍ አድርጎ ያዜም የነበረ ልጅ ዛሬ ድምፁ ይሰነጠቅበታል፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል። አንዳንድ አስተማሪ «ለጊዜው ዝም በል» ይለዋል። ለጊዜው የተባለው ዕድሜ ልክ ይሆናል። እባካችሁ መምህራን፣ ዝም አታሰኟቸው። ዜማውን ዝቅ አድርጉላቸው። ክራር ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ክሩን ላላ አድርጎ በልጁ ድምፅ ልክ መቃኘት ነው። አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት የተሠራ አጭር ዜማ ድምፁ የሚለወጥ ልጅንም አያስጨንቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ዜማ ልምጣ። ቄሶቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ጸሎቱን በግዕዝ፣ አንዳንዱንም በአገውኛ ያደርሱ ነበር። ነጋሪትና ቃጭል ያጅቡታል። ዜማው በኖታ አልተጻፈም፤ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የመጣው። ኬይ ሸሌሜይ የተባሉ የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ኢትዮጵያ ድረስ ሄደው ቀርጸውታል። እዚህ ደግሞ ሌላው የሙዚቃ ተመራማሪ ስምሐ አሮምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከቄሶቻችን ጋር ተቀምጠው ቀድተዋል። ምሁራኑ ይህን ያህል ከደከሙበት፣ የእኛው የስምንተኛ ክፍል ልጅ ለምን አይሰማውም?

አንድ ነገር ልብ በሉ። በጸሎታችን መሪው ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መሪው ጨርሶ እስኪያበቃ ግን ሁልጊዜ አይጠበቅም፤ የእሱ ድምፅ ሳያልቅ የተቀባዮቹ ይነሳል። ተቀባዮቹም እያንዳንዳቸው ዜማውን ትንሽ በየራሳቸው ነው የሚሄዱበት። በአውሮፓ መዘምራን ሥርዓት የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ «አንድ ላይ!» ብሎ ሊያስቆም ይችላል። ስህተት የለውም፤ ውበቱ እዚያ ነው። ልጆቹ ይህን ለይተው ከሰሙ፣ ሙዚቃ ከአንድ በላይ ሥርዓት እንዳለው በተግባር ያውቃሉ።

የጾምና የጸሎት በዓላችን ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት፣ በእስራኤል ምክር ቤት፣ ሕግ አገራዊ በዓል ሆኗል። ደስ ይላል። ትምህርት ቤቶች ቄስ ይጋብዛሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ክራር ይመታል። በማግስቱ ሁሉም ይረሳል፤ በዓሉ እስከሚውልበት እስከ ከርሞ ሐሽቫን ወር። ማህበራችን የሚጠይቀው በሳምንት አንድ የትምህርት ሰዓት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ። ቄሱና የሙዚቃ መምህሩ አብረው ክፍል ይግቡ። ቄሱ ያዚሙ፣ ልጆቹ ይቀበሉ፣ መምህሩ የሰሙትን እንዲያስተውሉ ይርዳ። ግዕዙ በዕብራይስጥ ፊደል ይጻፍላቸው፣ ትርጉሙም አብሮ ይነገራቸው።

«ጸሎት ትርኢት አይደለም» የሚሉ ቄሶች አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የትኛው ዜማ ክፍል ውስጥ እንደሚገባ፣ የትኛው ለምኩራብ ብቻ እንደሚቀር የሚወስኑት ራሳቸው ይሁኑ። ትምህርት ቤትም ሆነ የእኛ ኮሚቴ በዚህ እጁን አያስገባ።

ሴቶች ልጆቻችንን ደግሞ አደራ። ባር ሚጽቫውን ስናነሳ ስለ ወንዶቹ ብቻ እናወራና እነሱ ይቀራሉ። ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ውስጥ ለብቻቸው መማር ካለባቸው ለብቻቸው ይማሩ፤ ክራሩም ማሲንቆውም እኩል ይድረሳቸው። እናቶቻችን በሠርግና በልደት ያዜሙትን የሚያውቁ አያቶች አሁንም በሕይወት አሉ። እነሱንም ክፍል ውስጥ እንጋብዛቸው።

የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳ የመሣሪያ መግዣ በጀት ነው፤ ሁለተኛው ለቄሶቹ የሚከፈለው የማስተማሪያ ክፍያ። በነጻ ያስተምሩ የሚለውን ሐሳብ እኔ አልደግፍም፤ መምህር ናቸው፣ እንደ መምህር ይከፈላቸው። ውይይቱን ቄሶቻችን በቡራኬ ይከፍቱልናል፤ ከዚያም ቅድሚያ የመናገር ዕድሉ የእነሱ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል።