ያልታጠበ በርሜል

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከፊቴ አንድ ብርጭቆ ውስኪ አለ። ማንም አልከፈለኝም፣ ማስታወቂያ አይደለም። የማትጠጡም ብትሆኑ አትሂዱብኝ፤ ወሬው ከመጠጡ ይልቅ ስለ ዕቃው ነው።

ስኮትላንድ፣ ኤድንበራ ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ውስኪ የማውቀው ሠርግ ቤት ነበር። በረዶ፣ አምቦ ውሃ፣ ጭፈራ። ጣዕሙን ልብ ብዬው አላውቅም። ባለፈው መስከረም መኪና ተከራየሁና ወደ ሰሜን፣ ስፔይሳይድ ወደሚባለው አካባቢ ወጣሁ። ቤን ሪኒስ ከሚሉት ተራራ ግርጌ ግሌንፋርክላስ የሚባል የውስኪ ፋብሪካ አለ። ስሙ በጌልኛ፣ በስኮቶቹ የድሮ ቋንቋ፣ የለምለም ሣር ሸለቆ ማለት ነው ይላሉ። ፈቃድ ያገኘው በፈረንጆቹ 1836 ነው። በ1865 ጆን ግራንት የሚባል ገበሬ በ511 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ ገዛው፤ እስከ ዛሬም ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። እኔ የወደድኩት 19 ሽልንጓን ነው። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲከራከሩ ታየኝ።

ጉዴን ልንገራችሁ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ልቀምስ ነው። ግን ሹፌሩ እኔው ነኝ። በስኮትላንድ ጠጥቶ የመንዳት ሕግ ከእንግሊዙ እንኳ ይጠብቃል። ሌላው ሰው ብርጭቆ ሲያነሳ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ደግነቱ ግድግዳውም የሚታይ ነው፤ ኤምፕረስ ኦፍ አውስትራሊያ ከምትባል መርከብ የተነቀለ እንጨት የለበሰ ክፍል ነው።

ውስኪው ተፈልቶ የሚወጣባቸው ማሞቂያዎች ጋ ስደርስ ግን ጉጉቴን ረሳሁት። ስድስት ትልልቅ የመዳብ ጋኖች በሏቸው። ከሥራቸው እሳት ይነዳል፣ የጋዝ እሳት። አብዛኛው የስኮትላንድ ፋብሪካ ዛሬ የሚያሞቀው በእንፋሎት ነው። እነዚህም በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዱን በእንፋሎት ሞክረውት ነበር። ጣዕሙ ተለወጠባቸው፣ ወደ እሳታቸው ተመለሱ። እሳት ደግሞ ያሳርራል። ስለዚህ ጋኑ ውስጥ ሰንሰለት እየዞረ ቂጡን ይፈገፍጋል።

ፊቴን ወላፈኑ ሲመታኝ አያቴ ትዝ አለችኝ። አረቄ ታወጣ ነበር። ጭስ የሞላው ማድ ቤት፣ አፉ በጭቃ የተመረገ ማሰሮ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ፣ ጠብ ጠብ የምትል ነገር። ድፍድፉ እንዳያር እሳቱን ስትቀንስ ስትጨምር ትውላለች። ደህና ገበያ ሲኖር ተራውን መልሳ ታወጣዋለች፤ ዳግም ይሆናል። አስጎብኚዋ «ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው» ስትል ሳቄ መጣ። ብቅል፣ እርሾ፣ ውሃ፣ እሳት፣ ሁለት ጊዜ። ጌሾው ቀረ እንጂ ዳግም አረቄ ነው እኮ!

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የአያቴ አረቄ ሳምንት አይቆይም፣ ይሸጣል። እዚህ ግን እንደ ውሃ ጠርቶ የወጣው ነገር በርሜል ውስጥ ይገባል። በሕጉ ትንሹ ሦስት ዓመት ነው፤ እነሱ ጋ ግን አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚተኛ አለ። መጋዘኑ ዝቅ ያለ፣ ጨለማ፣ ወለሉ አፈር ነው። እርጥብ እንጨትና ዘቢብ ይሸታል። በስኮትላንድ ከየበርሜሉ በዓመት ሁለት በመቶ ያህል ይተናል፤ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። እኛ ቤት ድርሻው የጎረቤት ነበር።

በርሜሉ ከስፔን ነው የሚመጣው። ሄሬዝ በሚባለው ከተማ ሼሪ የሚሉት ወይን ጠጅ አለ። ከዓይነቶቹ አንዱ ኦሎሮሶ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል። ድሮ ሼሪው በበርሜል ተጭኖ ብሪታንያ ይገባ ነበር። ተጠጥቶ ሲያልቅ ባዶው በርሜል በርካሽ ይገኛል፣ ስኮቶቹም ውስኪያቸውን ሞሉበት። ቁጠባ ነው እንግዲህ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ሼሪው እዚያው ስፔን ይታሸጋል። ስለዚህ ዛሬ በርሜሉ በትእዛዝ ይሠራል፣ ሼሪ ይሞላበታል፣ እንጨቱ ጠጥቶ እስኪጠግብ ይቀመጣል፣ ከዚያ ተገልብጦ ወደ ስኮትላንድ ይላካል። ትልቁ 500 ሊትር ያህል ይይዛል። የውስኪው ቀለም ከዚህ ነው። ሕጉ በተቃጠለ ስኳር ማቅለም ይፈቅዳል፤ ግሌንፋርክላሶች አይጨምሩም።

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት፣ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እና ሳያጥቡት ነው የሚሞሉት?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ሆን ብለው።»

«ወይ ጉድ! እኛ ጋኑን በግራዋ ስንፈትግ እጃችን ያልቃል።»

«ከፈተጋችሁ በኋላስ?»

«ከዚያማ በወይራ እናጥነዋለን። ያልታጠነ ጋን ምን ጠላ ይወጣዋል?» አለችና ትንሽ ቆይታ ሳቀች። «አሃ። እንደሱ በለኛ።»

ከፋብሪካው ትንሽ ጠርሙስ ገዝቼ መጥቼ ነበር፣ 105 የሚሉትን። ቁጥሩ የድሮው የእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ በዛሬው 60 በመቶ አልኮል ማለት ነው። እኔ ጀግና፣ ውሃ ሳልጨምር ተጎነጨሁት። ሳል በሳል ሆንኩ። ዓይኔ አነባ። የአያቴ ደንበኞች ቢያዩኝ ያፍሩብኝ ነበር።

በሁለተኛው ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ያኔ ተከፈተ። ዘቢብ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ያረረ ስኳር፣ በመጨረሻ ደረቅ እንጨት። ቀስ ብዬ ጨረስኩት። ጠዋት ቡና ላፈላ ስገባ ብርጭቆው ባዶውን መታጠቢያው ጋ ቆሟል። አነሳሁት፣ አሸተትኩት። መጠጡ የለም፤ ሽታው ግን ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ከማታው ይበልጣል።

ውሃውን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።