ነገ ሰዓት አንይዝም

ክቡራን ታላላቆቻችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ነገ ጠዋት እዚሁ ቶሮንቶ፣ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ በሚሰበሰብበት በቴሪ ፎክስ ሩጫ ላይ የምንወጣው የእህቴን ልጅ ለማሰብ ነው። ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቲሸርታችን ላይም አለ። እናቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። «ስለ እሱ ብዙ ካወራህ ተነስቼ እወጣለሁ፤ ስለ ቴሪ አውራ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። እህቴን ታውቋታላችሁ፣ ታደርገዋለች። ስለዚህ ስለ ቴሪ ላውራ።

ቴሪን ልጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ትምህርት ቤታቸው ያስሮጣቸዋል። «ሁለት ዶላር አምጡ ተብለናል» ይሉናል። እኛም ሰጥተን እንረሳዋለን።

ቴሪ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1958 ዊኒፔግ ተወለደ፣ ያደገው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ቀኝ ጉልበቱን ሲያመው ቀደም ሲል ከደረሰበት የመኪና አደጋ የተረፈ ህመም መሰለው። የውድድሩ ወቅት እስኪያልቅም ቻለው። በ1977 የአጥንት ካንሰር መሆኑ ታወቀና እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ገና 18 ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ወላጆች ስላላችሁ። ይህ ካንሰር በብዛት የሚይዘው በማደግ ላይ ያሉ ልጆችን ነው። ብዙ ጊዜም የሚነሳው ጉልበት አካባቢ ነው። «ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው» ይባላል፣ ይታሻል፣ ወጌሻ ይፈለጋል። አብዛኛው የጉልበት ህመም እውነትም የኳስ ነው፣ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ግን ሳምንታት አልፈው ካልለቀቀው፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው፣ ወይም ካበጠ፣ ራጅ ይነሳ። አደራ!

ሐኪሞቹ ለቴሪ የመዳን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ እንደሆነ ነገሩት። ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ ቢሆን ኖሮ 15 በመቶ ብቻ ነበር። በመሃል አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል። መድኃኒቶቹን ያመጣው ምርምር ነው፤ ምርምር ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ልጁ ይህ ገባው። በካንሰር ክፍሉ ውስጥ አብረውት የተኙትን ሕፃናትም አየ። ከዚያ ሩጫ ጀመረ።

ሚያዝያ ላይ፣ በ1980፣ ከካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ከሴንት ጆንስ ተነሳ። ሰው ሠራሽ እግሩን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ነከረና ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ ሊሄድ መሮጥ ጀመረ። በቀን ወደ 42 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ሙሉ ማራቶን! ዛሬ ሮጦ ነገ ይደግመዋል። የዚያን ጊዜው ሰው ሠራሽ እግር ለሩጫ የተሠራ አልነበረም። ጓደኛው ቫን እየነዳ ይከተለዋል። መጀመሪያ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነበር። ፖርት ኦ ባስክ የምትባል አሥር ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ ግን ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ አዋጥታ ጠበቀችው። በኋላም ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ብሎ ተነሳ። ያኔ የካናዳ ሕዝብ 24 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ታንደር ቤይ አጠገብ ቆመ። ካንሰሩ ሳንባው ደርሶ ነበር። 24 ሚሊዮኑ ዶላር በየካቲት 1981 ሲሞላ በሕይወት ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አረፈ። 23 ዓመት አልሞላውም።

እንግዲህ እኛ የሯጮች አገር ልጆች ነን። ሩጫ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን አንደኛ ወጣ?» ነው። ፓስፊክ ሳይደርስ የቀረ ሰው በእኛ ቋንቋ «አቋረጠ» ነው የሚባለው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ያው አበበ ከመኪና አደጋ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት መወዳደሩን ግን ስንቶቻችን እናነሳለን? የነገው ሩጫ አንደኛ የለውም። ሜዳሊያ የለም፣ የመመዝገቢያ ክፍያም የለም። በየዓመቱ በቴሪ ስም ይሮጥ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ልጁን በካንሰር ያጣ ኢሳዶር ሻርፕ የተባለ የሆቴል ባለቤት ነው። ቴሪ ሩጫውን ባቆመ ማግስት ቴሌግራም ላከለት። እስከ ዛሬ በቴሪ ስም ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ለለቅሶ እኛን የሚያህል የለም። እድሩ ይጠራል፣ ምግቡ ይመጣል፣ አዳራሹ ይሞላል። ካንሰር ቤት ውስጥ ሲገባ ግን በሹክሹክታ ነው። «ሰው እንዳይሰማ» ይባላል። ሰው ካልሰማ ማን ሾርባ ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል? የኬሞ ቀን እናትየዋን ማን በመኪና ያደርሳታል? አዲስ አበባ ውስጥ አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን በካንሰር ካጡ በኋላ በስሙ ማኅበር አቋቋሙ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን። የልጃቸው ስም ዛሬ በአደባባይ ይጠራል።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ከአንድ ሰው መቶ ዶላር ከምታመጡልኝ ከመቶ ሰው አንድ አንድ ዶላር ብታመጡ ይሻለኛል። መቶ ሰው ስትጠይቁ መቶ ጊዜ «ለማን ነው?» ትባላላችሁ። መቶ ጊዜ የእህቴን ልጅ ስም ትነግራላችሁ፣ ምን እንዳመመውም ትነግራላችሁ። የሥራ ባልደረቦቻችሁን ጠይቁ፣ የፎቅ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ታክሲ የምትነዱ ደግሞ ከማንም በላይ ዕድሉ አላችሁ፤ ተሳፋሪው የትም አያመልጥም።

መሮጥ ግዴታ አይደለም። መራመድ ይቻላል፣ ጋሪ መግፋት ይቻላል፣ በተሽከርካሪ ወንበር መምጣትም ይቻላል። እማማዎች፣ ነጠላችሁን ለብሳችሁ መንገድ ዳር ብትቆሙና እልል ብትሉ ከሯጩ አታንሱም። የመዋጮ ቅጹ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ አለ፤ ቲሸርትም እዚያው ነው፣ ትልልቁ ቁጥር ሳያልቅ ውሰዱ። ጠዋት ይበርዳልና ደረብ አድርጋችሁ ኑ። አደራ፣ በሐበሻ ሰዓት እንዳትመጡ። አመሰግናለሁ።