አዝራሩ ጎማ አይነፋም

እሱ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ መሃሏ ቃለ አጋኖ ይዛ ስለምትበራው ቢጫ መብራት። በመጀመሪያ ግን የደብረ ብርሃኑን ላውራ።

እሷ፦ አውራው። እሱን ሳትጨርስ ወደ ሌላ እንደማንሄድ አውቃለሁ።

እሱ፦ ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን አድሬያለሁ። ጠዋት መኪናዋን ውርጭ ሸፍኗታል። ጥቂት እንደነዳሁ መብራቷ በራች። አጎቴ «የመቆጣጠሪያውን አዝራር ተጫነውና እንሂድ» አሉኝ፤ እኔ ግን ጎሚስታ ፈለግሁ። እንዴት ያለ ሰው አገኘሁ መሰለሽ! ጋቢውን እንደተከናነበ ቁጢጥ ብሎ የቫልቮላውን ክዳን ፈታና ጣቱን በምራቁ አርጥቦ የቫልቮላው አፍ ላይ አሳረፈ። የፊተኛው ግራ ጎማ ላይ አንዲት አረፋ ቀስ እያለች ተነፋች።

እሷ፦ በምራቅ?

እሱ፦ በምራቅ! መኪናዋ «ንፋስ ጎድሏል» ብቻ ነው ያለችው፤ የትኛው ጎማ እንደሆነ የነገረኝ ምራቁ ነው። ሲለካው 24 ፒኤስአይ ሆነ፤ ፒኤስአይ የጎማ ንፋስ የሚለካበት ነው፤ የሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈው 33 ይላል።

እሷ፦ ብርዱ ይሆናላ።

እሱ፦ ብርድ በየስድስት ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል፤ ግን አራቱንም እኩል ነው። ያንን ጎማ ለይታ ያጎደለችው ያቺ አረፋ ናት።

እሷ፦ እኔ ጎማ መጉደሉን በዓይኔ አይቼ አውቃለሁ።

እሱ፦ አታውቂም። የዛሬ ጎማ 24 ላይም ሙሉ ይመስላል።

እሷ፦ የሌላውን እንጃ፣ የራሴን አውቃለሁ። ይልቅ አዝራሩስ? አጎትህ ተሳስተው ነው?

እሱ፦ አዎ፤ አዝራሩ ጎማ አይነፋም! የእኔ መኪና ቸርኬው ውስጥ መለኪያ የላትም፤ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው የኤቢኤስ ፍሬኑ የየጎማውን ፍጥነት ያነጻጽራል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። አዝራሩን መጫን «አሁን ያለው ልክ ነው፣ ይህን ያዥ» ማለት ነው። 24 ላይ ብጫነው ኖሮ ጉድለቱን ልክ ነው ብዬ አስተምራት ነበር። መጀመሪያ ጎማው ሳይሞቅ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ መሙላት፤ ከዚያ መኪናዋን አቁሞ መብራቷ ብልጭ ድርግም እስክትል መጫን፤ ከዚያ መንዳት።

እሷ፦ የእኔ መኪና ሲነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ይልና በርቶ ይቀራል።

እሱ፦ ያ ሌላ ነው! እሱ ራሱ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ቸርኬው ውስጥ መለኪያ ካለው፣ የመለኪያው ባትሪ አልቆ ይሆናል፤ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው። ጎማ ስታስፈቺ ለጎሚስታው ቀድመሽ ንገሪው፤ መለኪያው ቫልቮላው ሥር ስላለ በብረት ሊሰብረው ይችላል።

እሷ፦ ዛሬውኑ በሩ ላይ ያለውን አነባለሁ። በዓይኔ ማየቴን ግን አልተውም።

እሱ፦ እዪ፤ ከዚያ ለኪ።