ፈተና አለብሽ እንዴ?

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ቃል የገባሁላችሁን ክፍል አልረሳሁትም፣ አትቆጡኝ። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል።

ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ስልኬ ላይ ያቺን ታብ ከፍቻለሁ። ያቺኑ፣ የራውልስን፣ ስለ ፍትሕ የጻፈውን የአሜሪካዊውን ፈላስፋ። አትሳቁ! የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የሞከረ ያውቃል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ አየት አደረገና «ፈተና አለብሽ እንዴ?» አለኝ። «የለብኝም» አልኩት። «ታዲያ ለምን ታነቢዋለሽ?»

በቃ ይኸው ነው። ክፋት የለበትም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔ ደግሞ «እንዲሁ» አልኩት። እንዲሁ! ከዚያ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። እሱ ነው የገረመኝ። የድመት ቪዲዮ እያየሁ ቢሆን እኮ አልደፋውም ነበር። እሱም ለምን ታያለሽ አይለኝም። ማታ ጋደም ብዬ መልስ ስደረድር አመሸሁ። «ፍትሕ ምን እንደሆነ ማወቅ ስለምፈልግ...» ኧረ፣ ይሄማ ንግግር ነው። «ደስ ስለሚለኝ።» ደስ ይለኛል ግን? አንዱን አንቀጽ እየደጋገምኩ?

ማኪያቬሊን አስቡት እስኪ፣ የፍሎረንሱን የፖለቲካ ጸሐፊ። 1513 ነው። ከሥልጣን ተባሯል፣ ታስሯል፣ ተሠቃይቷል፣ ገጠር ገብቷል። ለወዳጁ ለቬቶሪ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚለው፣ ቀን መሸታ ቤት ቁማር ይጫወታል፣ ለሳንቲም ይጨቃጨቃል። ማታ ጭቃ የነካውን ልብስ ያወልቅና የክብር ልብሱን ለብሶ መጻሕፍቱ ጋ ይገባል። አራት ሰዓት ሙሉ ከጥንቶቹ ጸሐፊዎች ጋር ያወራል። አራት ሰዓት! እኔ ማታ የምለብሰውን ብታዩት... ይቅር።

ግን ሳህኑን ማን አጠበ? እዚህ ስደርስ ሁሌ ይሄ ይመጣብኛል። አርስቶትልም ቢሆን ፍልስፍና ትርፍ ጊዜ ይፈልጋል ባይ ነው። ያው አርስቶትል ነው ባርነትን ተከራክሮ የደገፈው። የአንዱ ትርፍ ጊዜ ከሌላው ጉልበት ነው የመጣው፣ አይደል? ራውልስ ራሱ በ1988 ትርፍ ጊዜ ከመሠረታዊ ጥቅሞች ጋር፣ ማንም ሰው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር ማለት ነው፣ ሊቆጠር ይችላል ብሏል። እዚያው ላይ፣ ማሊቡ ባሕር ዳርቻ ቀኑን ሙሉ ማዕበል ላይ ሲንሸራተቱ የሚውሉት ራሳቸውን ይቻሉ ይላል። ከታብ ታብ ሲንሸራተት የሚውለውስ? ስለኔ አላለም መቼስ።

ደግሞ አሁን «ሰዓት መድበሽ አንብቢ» ልትሉኝ ነው። ሞክሬዋለሁ እኮ። ከእራት በኋላ፣ ሆብስን ይዤ፣ እንግሊዛዊውን ፈላስፋ። መንግሥት ከሌለ ሁሉም ከሁሉም ጋር ጦርነት ላይ ነው ሲል እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዴት በጦርነት መሃል ይተኛል?

ለማንኛውም፣ ችግሩ ሰዓት አይመስለኝም። ሰዓት ቢሆን ስልኩን አልደፋውም ነበር። ግን ቅድም ስለ አርስቶትል ያልኩትን ካመንኩበት... ሰዓት ነው ማለት ነው እኮ። ወይም ሁለቱም... ቆይ፣ እንዴት ነው ሁለቱም የሚሆነው...