«ተበተኑ!» ቢባል በየት በኩል?

[ምስል፦ ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ጣና የሚወስደው መንገድ፣ ዘንባባ፣ ባጃጅ]

ተራኪ፦ ባሕር ዳር የኖረ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። እስቲ በሰልፈኛ ተሞልቶ አስቡት። ከላይ ፖሊስ፣ ከታች ሐይቁ። በድምፅ ማጉያ «ተበተኑ!» ተባለ። በየት በኩል?

እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚዳኝ ሕግ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብንና ሰልፍ መውጣትን መብት ያደርገዋል። አካሄዱን የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው፤ አዘጋጆች 48 ሰዓት ቀድመው ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቃሉ።

ልብ በሉ፣ «ያሳውቃሉ» ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠን «ፈቃድ አላቸው?» የምንለው ልማድ ሆኖብን ነው። አስተዳደሩ ቀኑ ወይም ቦታው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይሰጣል እንጂ «መቼም የትም አይቻልም» ማለት አይችልም።

[ምስል፦ የከተማው ካርታ፣ ክብ ክብ ምልክቶች]

ቦታም ይገደባል፤ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር፣ ከጦር ሰፈር 500 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ሜትር ይዛችሁ መሐል ከተማ ውጡና ለኩ፤ የሚተርፋችሁ አስፋልት ያስገርማችኋል።

አሁን ወደ መበተኑ። እንግሊዞች ከ1715 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩበት የሁከት አዋጅ ነበራቸው። 12 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ለሁከት ከተሰበሰበ ሹሙ አዋጁን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የተገኘ ሞት ይፈረድበታል፤ ሲበትን ሰው የገደለም አይጠየቅም። ጭካኔው አያጠያይቅም። ያቺን አንድ ሰዓት ግን እኔ አልንቃትም፤ ከኋላ የቆመው ሰው ወሬው ደርሶት ልጁን ይዞ የሚወጣባት ናት።

[ምስል፦ ጥቁር መደብ፣ ሁለት ቃላት፦ ሕገወጥ / ሁከት]

በ1990 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሃቫና ላይ ያጸደቀው መርህ እነዚህን ሁለት ቃላት ይለያቸዋል። ያላሳወቀ ሰልፍ ሕገወጥ ሊባል ይችላል፤ ድንጋይ ካልወረወረ ግን ሁከት አይደለም። እንዲህ ያለው ያለ ኃይል ይበተናል፣ ካልሆነም በትንሹ ኃይል። ሁከት በተነሣበት ሰልፍ እንኳ ጥይት የሚመጣው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ሌላው መንገድ ሁሉ አልሠራ ሲል ብቻ ነው።

[ምስል፦ ያው መንገድ፣ ባዶ]

ነሐሴ 1 ቀን 2008 በዚህችው ከተማ ሰልፍ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዘገበው መሠረት በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ቢያንስ 30 ሰው በዚያው ዕለት ሞቷል።