ጭነት ያለው ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል፣ መብራት ሄዷል፣ የምቀዳውም በስልኬ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ክንድ የምትሆን፣ ራሴ የሠራኋት ሞዴል ባቡር ቆማለች። መጀመሪያ ድምፅዋን ስሙልኝ።

(የሞተር ድምፅ)

ይሄ ባዶዋን ስትሄድ ነው። አሁን ከኋላዋ አሸዋ የሞሉ ሦስት ፉርጎዎች ልቀጥልባት።

(ድምፁ እየከበደ ይሄዳል)

እሺ። ከፊተኛው ድምፅ ወደ ኋለኛው ለመድረስ ስምንት ወር ሠርቻለሁ። የዛሬው ጨዋታችን እሱ ነው።

ያደግሁት ባሶና ወራና ነው። በኛ መንደር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። «ባቡር ወርዳለች» ከተባለ ገብሷን አስፈጭታ ትመለሳለች ማለት ነው። ሀዲድ ላይ የሚሄደው «የምድር ባቡር» ነበር፤ እሱን በዓይኔ ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ወፍጮውን ግን ከነትንፋሹ አውቀዋለሁ። ከጉብታው ማዶ ቱክ ቱክ ሲል እናቴ ደጅ ቆማ ታዳምጥና፣ «ባዶውን ነው የሚዞረው፣ ወረፋ የለም፣ ቶሎ አህያዋን ጫኑ» ትለን ነበር። እህሉ ድንጋዩ ላይ ሲወርድ ሞተሩ ያቃስታል፣ ድምፁ ይወፍራል። እህሉ ሲያልቅ ደግሞ ቀለል ብሎት ይፈጥናል። እማዬ ይህን ሁሉ ከደጃችን ሆና ትለየው ነበር።

ወደ ባቡሯ ልመለስ። ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች በብዛት ኤሌክትሪኩን የሚሰጡት በሀዲዱ በኩል ነው። ሀዲዱ ከቆሸሸ ባቡሩ ይንገጫገጫል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ባትሪው ሆዷ ውስጥ ከገባ ግን ሀዲዱ መንገድ ብቻ ይሆናል። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የኔ ሀዲድ ከአልሙኒየም በርና መስኮት ቤት ለምኜ ያመጣሁት ቁርጥራጭ ነው። አልሙኒየም ላዩን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኦክሳይድ ስለሚለብስ በሀዲድ ለሚሄድ ኤሌክትሪክ አይመችም፤ ባትሪ ላላት ግን ምን ቸገራት። ከሥሩ የረበረብኩት ባህር ዛፍ ነው።

በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። አንድ ሜትርን 22.5 ጊዜ ብታሳንሱት 44.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ወደ 45 የሚጠጋ፣ ይመጣላችኋል። አሁን ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር 1,435 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የኔዋ የድሮው ባቡር ልጅ ናት።

የምትታዘዘው ኢኤስፒ 32 በምትባል ትንሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ነው። ዋይፋዩን የምትረጨው ራሷ ናት። ስልኬን ከሷ ጋር አገናኝቼ ብሮውዘር ላይ 192.168.4.1 ብዬ ስከፍት የፍጥነት መቆጣጠሪያው ይመጣል። ኢንተርኔት አትፈልግም። አሁን እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነው፤ እሷ ግን ትሄዳለች።

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል። በመጀመሪያው ሳምንት ባቡሯ እየሄደች ሳለ ስልክ ተደወለልኝ። መቆጣጠሪያው ከስክሪኑ ጠፋ፤ እሷ ግን በመጨረሻ ባዘዝኳት ፍጥነት ቀጠለች። ጠረጴዛው አለቀ፣ ወደቀች። የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ነበረች፤ ምርር ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በሰከንድ አራት ጊዜ «አለሁ» እያለ መልእክት ይልካል። አንድ ሰከንድ ሙሉ «አለሁ» ካልመጣ ባቡሯ ራሷ ቀስ ብላ ትቆማለች። ገመድ አልባ ነገር የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ከመብራቱም ከድምፁም በፊት ይህን ሥሩ።

ባትሪዎቹ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ናቸው፤ ሁለት ሊትየም ሴሎች ተከታትለው 7.4 ቮልት ይሰጣሉ፣ ሲሞሉ 8.4። የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ በሚጥልበት ጠዋት ባቡሯ ልትነሳ ስትል ድርግም ትልና እንደገና ትጀምራለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጻፍኩትን ፕሮግራም ስመረምር ከረምኩ፤ ፕሮግራሙ ምንም አልነበረበትም። ባትሪ ሲበርደው ኤሌክትሪኩን የሚያግደው የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሞተሩ ለመነሳት ብዙ ከረንት ሲስብ ቮልቱ ለቅጽበት ይወርድና ኢኤስፒዋ ትጠፋለች። ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ባለ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርኩላት፣ አነሳሷንም ቀስ እንዲል አደረግኩ፣ ዳነች። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊትየም ቻርጅ እንደማይደረግም ያኔ ነው የተማርኩት። ሴሉን ውስጡን ይጎዳዋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ስለዚህ ከቤት ሳትሞቅ ቻርጀር አላስነካትም።

አሁን ወደ ድምፁ። መጀመሪያ የገጠምኩላት ዲኤፍ ፕሌየር የምትባለውን፣ ከሚሞሪ ካርድ ኤምፒ 3 የምታጫውተውን ነው። ርካሽና ታማኝ ናት። ግን ድምፁ አልቆ እንደገና ሲጀምር በመካከል ትንሽ ክፍተት አለ፤ ጆሮ ያንን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ከሁሉ የባሰው ግን ባቡሯ ዳገት ብትወጣ፣ ቁልቁል ብትወርድ ድምፁ ያው መሆኑ ነው። እንፋሎት ቢሆን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው የእንፋሎት ባቡር ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ድምፁን ከጎማው ጋር ታስሩታላችሁ። የናፍጣ ሞተር ድምፅ ግን ከጭነቱ ጋር ነው የሚታሰረው። እማዬ ደጅ ቆማ የምትሰማው እሱን ነበር።

ዲኤፍ ፕሌየሯን አወጣኋት። አሁን ድምፁን የምታዘጋጀው ራሷ ኢኤስፒዋ ናት፤ ማክስ 98357 በሚባል ማጉያ በኩል ይወጣል። ኢንኤ 219 የሚባል መለኪያ ሞተሩ ምን ያህል ከረንት እንደሚስብ ይነግራታል። ፉርጎው ሲከብድ ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ከባዶው ድምፅ ወደ ተጫነው ድምፅ ትሻገራለች። ስፒከሩን ክዳኑ ግጥም በሚል የቅባት ዕቃ ውስጥ ነው የዘጋሁት፤ ካልተዘጋ ከፊትና ከኋላው የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ወፍራሙ ድምፅ አይሰማም።

ድምፁን የቀዳሁት ከምድር ባቡር አይደለም። መንደራችን ያለው ወፍጮ አሁን በኤሌክትሪክ ነው፤ በናፍጣ የሚሠራ ለማግኘት ራቅ ብዬ መሄድ ነበረብኝ። አገኘሁ። ባለ ወፍጮው ሽማግሌ፣ «ባዶውን ደግሞ ለምን ትቀዳዋለህ? ናፍጣ ማባከን ነው» አሉኝ። የናፍጣውን ከፈልኩ፤ አንድ ኩንታል ገብስም አስፈጨሁ። ባዶውን አምስት ደቂቃ፣ የተጫነውን አምስት ደቂቃ።

ሁሉ ነገር ሲያልቅ ባቡሯን ይዤላቸው ሄድኩ። ዱቄት በበዛበት ወለል ላይ አስቀምጬ አስነሳኋት፤ ከኋላ ፉርጎዋን በእጄ ያዝ አደረግኩት። ድምፁ ወፈረ። ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። «ይሄ ገብስ ሲገባበት ነው» አሉ።

የቀረኝ ጥሩምባው ነው። እሱ ከወፍጮ ቤት አይገኝም። አባት ወይም አያት ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩ፣ ከድሬዳዋም ሆነ ከአዋሽ፣ የድሮውን ባቡር ጥሩምባ በካሴት ቀድተው ያስቀመጡ ከሆነ ላኩልኝ። ካሴቱ ቢያረጅም፣ መሀል ላይ ሰው ቢያወራበትም ግድ የለም፤ እኔ አጸዳዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ጥሩምባዋን አልነፋም።